ያመለጠ ስንዴ እና የተቋቋመ ስንዴ፦ የአፈር ወለድ ቫይረስ ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

«ይሄ ዝርያ መስኬ ላይ አንድም ቀን አልታመመም፤ ተቋቋሚ ነው ብዬ ልመዝግበው?» ይህ ጥያቄ በስልክም በአካልም ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴ ብዙውን ጊዜ «ቆዩ፣ ገና ነው» የሚል ነው።

ያልታመመ ስንዴ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽታው መጥቶበት የተቋቋመ ነው። ሌላኛው በሽታው ጭራሽ ያላገኘው፣ ያመለጠ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ስንዴን ከአፈር ተነስተው የሚያጠቁ ዋና ዋና ቫይረሶች በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። በአንደኛው ቡድን የስንዴ አፈር ወለድ ሞዛይክ ቫይረስና የቅርብ ዘመዱ የእህል አፈር ወለድ ሞዛይክ ቫይረስ አሉ። ቅጠሉን በቢጫና በአረንጓዴ ያዥጎረጉሩታል፤ ተክሉንም ያቀጭጩታል። በሁለተኛው ቡድን የስንዴ ስፒንድል ስትሪክ ሞዛይክ ቫይረስና የስንዴ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ አሉ። የስፒንድል ስትሪክ ምልክት ከቅጠሉ ጅማት ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ አጭር ቢጫ ሰረዝ ነው።

ሁሉንም ወደ ሥር የሚያስገባቸው ፖሊሚክሳ ግራሚኒስ የሚባል በዓይን የማይታይ የሥር ጥገኛ ነው። አፈሩ ሲረጥብ የሚዋኙ ስፖሮች (ጥገኛው የሚራባባቸው ደቃቅ ሕዋሳት) ይለቃል። ስፖሮቹ በአፈር ውስጥ ባለው ውሃ ዋኝተው ሥር ላይ ይደርሳሉ፤ ቫይረሱንም ይዘው ይገባሉ። በኋላ ጥገኛው ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የማረፊያ ስፖሮች ይሠራል። እነዚህ ስፖሮች ቫይረሱን በውስጣቸው ይዘው ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ መቆየት ይችላሉ።

ስለዚህ አፈሩ ካልረጠበ ሙከራው አይሠራም። ካልቀዘቀዘም አይሠራም። በሽታው መስኩ ላይ በእኩል አይሰራጭም፤ እዚህ ጋ ጠፍቶ እዚያ ጋ ይገናል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የታወቀው የስንዴ ተቋቋሚነት ቫይረሱን ከሥር አያባርረውም። የሚያደርገው ከሥር ወደ ቅጠል እንዳይወጣ ማገድ ነው። ስለዚህ ተቋቋሚ ዝርያ ሥሩ ውስጥ ቫይረስ ሊኖረው ይችላል። ሥሩን ብቻ መርምራችሁ «ተጠቂ ነው» ካላችሁ ጥሩ ዝርያ ጣላችሁ ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመስክ ወይም ለፖት፦
- የሚፈተሹት ዝርያዎች ንጹሕ ዘር፣ አፈር ያልተጣበቀበት
- ተጠቂነቱ የተረጋገጠ አንድ ዝርያ እና ተቋቋሚነቱ የተረጋገጠ አንድ ዝርያ
- በሽታው መኖሩ የታወቀ መስክ፣ ወይም ከዚያ መስክ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር የተወሰደ አፈር
- ንጹሕ አሸዋ፣ ወንፊት፣ ከሥራቸው ቀዳዳ ያላቸው ፖቶች እና ለእያንዳንዱ ፖት የራሱ ሳህን
- የአፈርና የአየር ቴርሞሜትር
- ሙቀቱ የሚስተካከል የማብቀያ ክፍል (ለፖት ብቻ)

ለላቦራቶሪ፦
- ለምትፈልጉት ቫይረስ የተዘጋጀ የኤሊዛ ኪት (ኤሊዛ ቫይረሱን በአንቲቦዲ ይዞ መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው)፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ፓይፔት፣ የፕሌት ማንበቢያ
- ትንሽ ሙቀጫ ወይም መፍጫ ከረጢት፣ ሚዛን፣ ፍሪዘር
- ማይክሮስኮፕ እና የሥር ማቅለሚያ (አሲድ ፉክሲን ወይም ትራይፓን ብሉ)
- ጓንት፣ የላስቲክ ከረጢት፣ ውሃ የማያጠፋው ማርከር

ማስጠንቀቂያ፦ አፈሩ ራሱ በሽታ ነው

የተበከለ አፈር አንዴ ንጹሕ ማሳ ከገባ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በቦት ጫማ፣ በዶማ፣ በትራክተር ጎማ እና በጎርፍ ይሄዳል። ከመስኩ ስትወጡ አፈሩን መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ እዚያው እጠቡ። በረኪና ላይ ብቻ አትደገፉ፤ የማረፊያ ስፖሮቹ ግድግዳ ወፍራም ነው። ከፖት የተረፈ አፈር፣ ሥርና የፈሰሰ ውሃ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚቀቅል ዕቃ) ሳይቀቀል አይደፋ። አፈር ከክልል ክልል ወይም ከአገር አገር ለማንቀሳቀስ ደግሞ የኳራንቲን ፈቃድ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ቫይረስ እንደምትፈትሹ እወቁ

አንዱን ቫይረስ የሚቋቋም ዝርያ ሌላውን ላይቋቋም ይችላል። ሁለት ቫይረሶች ደግሞ አንድ ማሳ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ተጠቂውን ዝርያ በአፈሩ ላይ ዝሩ፣ ቅጠሉን ለሁለቱም ቡድን በኤሊዛ ወይም የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳየው በአርቲ ፒሲአር አስመርምሩ። ቫይረሶቹ ዘረመላቸው አርኤንኤ ስለሆነ ተራ ፒሲአር አይበቃም፤ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ያስፈልጋል። የትኛው ቫይረስ እንዳለ ሳታውቁ «ተቋቋሚ» ብትሉ፣ ምንን እንደተቋቋመ የሚነግራችሁ የለም።

ደረጃ 2፦ ማነጻጸሪያዎችን አስገቡ

ለሙከራው ሦስት ምስክር ያስፈልጋል።

ተጠቂው ዝርያ በሽታው በእርግጥ መጥቶ እንደነበር ይመሰክራል። እሱ ካልታመመ የሌሎቹ ጤንነት ምንም አይናገርም። ተቋቋሚው ዝርያ ጥሩ ውጤት ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሦስተኛው ምስክር በተቀቀለ አፈር ላይ የተዘራ ተጠቂ ዝርያ ነው። እሱ ከታመመ ብክለቱ ከእጃችሁ ወይም ከውሃችሁ መጥቷል። መስክ ላይ ከሆናችሁ በዚህ ፈንታ በሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር ላይ የበቀለ ስንዴ ለኤሊዛው ጤነኛ ማነጻጸሪያ አዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ መስክ ወይስ ፖት?

ከተቻለ ሁለቱንም። መስክ እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል፤ ግን የአየሩ ፀባይ ከቀለደባችሁ ዓመቱ ይባክናል። ፖት እርጥበትና ቅዝቃዜውን በእጃችሁ ያስገባላችኋል፤ ግን ጥቂት ዝርያ ብቻ ይይዛል። ብዙ ዝርያ ካላችሁ በመስክ አበጥሩ፣ ያለፉትን በፖት አረጋግጡ።

ቅጠልን በቫይረስ ጭማቂ አሽቶ መበከልም ይቻላል። ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። ጭማቂው ቅጠል ላይ ሲታሽ የሥሩን መንገድ ይዘላል። እኛ የምንፈትሸው ተቋቋሚነት ደግሞ ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ መዝራት

*በመስክ።* እያንዳንዱን ዝርያ ቢያንስ በ3፣ ቢቻል በ4 ድግግሞሽ፣ ቦታውን በዕጣ አውጥታችሁ ዝሩ። በየ10 መደቡ አንድ የተጠቂ ዝርያ መደብ አስገቡ። ይህን ደረጃ ለማሳጠር አትሞክሩ።

አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ማነጻጸሪያውን በመስኩ ሁለት ዳር ብቻ ዘርቼ ነበር። ሁለቱም ዳር ክፉኛ ታመመ። መሃል ላይ የነበረ አንድ ዝርያ ግን እንደ ቄጠማ ለምልሞ ቆመ። ደስ ብሎኝ መዝገቤ ላይ በትልቁ አከበብኩት። በቀጣዩ ዓመት ቦታው ሲቀየር ያው ዝርያ ከሁሉም የባሰ ቢጫ ሆነ። ተመልሼ የመጀመሪያውን ቦታ በደንብ ሳየው መሬቱ ከአካባቢው ትንሽ ጉብ ያለ ነው። ከጎኖቹ አንድ ጭብጥ አፈር አንስቼ ስጨብጠው ይጣበቃል፤ የጉብታው ግን በጣቶቼ መሃል ይበተናል። ውሃ አይቆምበትም ነበር። ዝርያው አምልጦ እንጂ ተቋቁሞ አልነበረም። መሃሉ ላይ አንድ የማነጻጸሪያ መደብ ቢኖር ያኔውኑ ይነግረኝ ነበር።

የዘር ጊዜም ወሳኝ ነው። ቅዝቃዜው ከመክበዱ በፊት፣ አፈሩ ገና ለብ እያለ ዝሩ። ሥር የሚያዘው ከበቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ከበሽታው የማምለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ገበሬ ይህን እንደ መከላከያ ይጠቀምበታል፤ ፈታሽ ግን ይሸወድበታል።

*በፖት።* አፈሩን በጥላ አድርቁ፣ ጓሉን ሰብራችሁ በወንፊት ንፉ። መድረቁ አያሳስባችሁ፣ የማረፊያ ስፖሮቹ አይሞቱም። አፈሩን ከንጹሕ አሸዋ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። አሸዋው ውሃ በደንብ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ በኋላም ሥሩ ሳይበጠስ ይታጠብላችኋል። በአንድ ፖት ከ8 እስከ 10 ዘር፣ ለአንድ ዝርያ ቢያንስ 4 ፖት ያዙ። ለጤነኛው ማነጻጸሪያ የሚሆነውን ድብልቅ በኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴልሲየስ ቀቅሉ፤ በማግሥቱም ድገሙት።

ፖቶቹ አንድ ትሪ ላይ አይቀመጡ። ስፖሮቹ ዋናተኞች ናቸው። ከአንዱ ፖት የፈሰሰ ውሃ ወደ ሌላው ከገባ ጤነኛው ማነጻጸሪያ አከተመለት።

ደረጃ 5፦ ውሃና ቅዝቃዜ

ከበቀለ በኋላ አፈሩን ከ15 እስከ 17 ዲግሪ አካባቢ ያዙት። በየሁለት ቀኑ ውሃው ከላይ እስኪታይ አጠጡ፣ ከዚያ እንዲንጠፈጠፍ ተዉት። ስፖሩ ለመዋኘት ውሃ ይፈልጋል፤ ሥሩ ደግሞ አየር ይፈልጋል። ሁልጊዜ ውሃ ላይ ተኝቶ የዋለ ስንዴ በራሱ ቢጫ ይሆንና ያደናግራችኋል።

ከ4 እስከ 5 ሳምንት በኋላ የምትፈትሹት ስፒንድል ስትሪክን ከሆነ ሙቀቱን ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ አውርዱ። እሱ ከአፈር ወለድ ሞዛይክ የበለጠ ብርድ ይወዳል። ለአፈር ወለድ ሞዛይክ ባለበት ይቀጥል። ከ20 ዲግሪ በላይ አታሳልፉ፤ በሙቀት ምልክቱ ይደበዝዛል፣ አዲስ የሚወጣውም ቅጠል ንጹሕ ይመስላል።

መስክ ላይ ዝናብ ከጠፋ በመስኖ አግዙ። በየሳምንቱ የአፈር ሙቀት መዝግቡ። ውጤቱ ግራ ሲያጋባችሁ መጀመሪያ የምትመለሱበት ገጽ እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ በዓይን መመዘን

መስክ ላይ ጊዜው ቅዝቃዜው መልቀቅ ሲጀምርና ስንዴው እንደገና ማደግ ሲጀምር ነው። ያ መስኮት ጠባብ ነው። ሙቀት ከገባ ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ በ10 ቀን ልዩነት ቢያንስ 2 ጊዜ መዝኑ።

እኔ የምጠቀምበት ሚዛን ይህ ነው፦
- 0፦ ምንም ምልክት የለም
- 1፦ በጥቂት ተክሎች ላይ ፈዘዝ ያለ ዝንጉርጉር
- 2፦ ግማሽ ያህሉ ላይ ግልጽ ዝንጉርጉር፣ ቁመት አልቀነሰም
- 3፦ አብዛኛው ላይ ግልጽ ዝንጉርጉር፣ ቁመት ቀንሷል
- 4፦ መደቡ ሁሉ ቢጫ፣ በጣም የቀጨጨ

ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ በራሳችሁ ጥላ ቅጠሉን ከልላችሁ እዩ። በጠራራ ፀሐይ ፈዛዛ ዝንጉርጉር ይሸሸጋል። አንድ ቅጠል ቁረጡና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቫይረስ ከሆነ ቢጫው የተቆራረጠ ነው፤ አረንጓዴው በመሃሉ ደሴት ደሴት ሆኖ ይታያል። የናይትሮጅን እጥረት ከሆነ ግን ቢጫው ወጥ ነው፤ ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎችም ይጀምራል።

የዝርያዎቹን ስም ሳታዩ በመደብ ቁጥር ብቻ መዝኑ። የምንወደው ዝርያ ላይ ዓይናችን ሳናውቀው ይለዝባል።

ደረጃ 7፦ ናሙና መውሰድ

ከእያንዳንዱ መደብ ከ10 ተክሎች አንድ አንድ ቅጠል ውሰዱ። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጉት ቅጠሎች ወጣቱን ምረጡ። የታመመ የሚመስለውን ብቻ አትልቀሙ፤ በዚግዛግ እየሄዳችሁ እጃችሁ ያረፈበትን ውሰዱ። ቫይረሱ ከተክል ተክል ስለሚለያይ አንድ ቅጠል ብቻ መደቡን አይወክልም። ከመደብ ወደ መደብ ስታልፉ ጓንት ቀይሩ።

ዝርያው ገና ያልጠራና የተደባለቀ ከሆነ የ10ሩን ቅጠል አትቀላቅሉ፤ እያንዳንዱን ተክል ለብቻው መርምሩ። አለዚያ ግማሹ ተቋቋሚ፣ ግማሹ ተጠቂ የሆነ ዘር «መካከለኛ» መስሎ ይወጣል።

ከፖት ከተዘራ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ውሰዱ። ከቅጠሉ ጋር ሥሩንም አውጡ፣ ግን በተለየ ከረጢት። ቅጠሉ ላይ አንዲት ቅንጣት አፈር ወይም የሥር ቁራጭ እንዳትቀር፤ የሥሩ ቫይረስ የቅጠሉን ውጤት ያበላሽባችኋል። በዕለቱ የማትመረምሩትን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ለአርቲ ፒሲአር የታሰበ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል።

ደረጃ 8፦ ኤሊዛ

መጠንና ሰዓቱን ከኪቱ መመሪያ ተከተሉ። አካሄዱ በጥቅሉ ይህ ነው፦

1. ፕሌቱን ቫይረሱን በሚይዘው አንቲቦዲ ሸፍኑ፤ በየጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮ ሊትር ነው። ካቆያችሁ በኋላ እጠቡ።
2. 1 እጅ ቅጠል በ10 እጅ ባፈር (ከኪቱ ጋር የታዘዘው መፍጫ ፈሳሽ) ፍጩ። እጅግ ከቀጠነ ደካማ ብክለት ያመልጣችኋል።
3. ጭማቂውን ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ናሙና በ2 ጉድጓድ። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ አሳድሩት።
4. በደንብ እጠቡ። ፕሌቱን ገልብጣችሁ ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱት። የሐሰት ቢጫ ቀለም የሚመጣው በአብዛኛው ካልታጠበ ጉድጓድ ነው።
5. ኢንዛይም የተያያዘበትን አንቲቦዲ ጨምሩ፣ አቆዩ፣ እንደገና እጠቡ።
6. ቀለም ሰጪውን ጨምሩ። ኢንዛይሙ አልካላይን ፎስፋቴዝ ከሆነ በ405 ናኖ ሜትር አንብቡ።

በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ቢያንስ 4 ጉድጓድ ጤነኛ የስንዴ ቅጠል፣ 2 ጉድጓድ የታመመ፣ 2 ጉድጓድ ባዶ ባፈር ይኑር። የጤነኞቹን አማካይ ውሰዱ፤ የስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸውን (ንባቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን ቁጥር) ሦስት እጥፍ ደምሩበት። ከዚያ በላይ ያነበበ ቫይረስ አለበት። ባፈርን ብቻ እንደ ጤነኛ አትቁጠሩ፤ ጤነኛ ቅጠል ራሱ ትንሽ ቀለም ይሰጣል።

ደረጃ 9፦ ሥሩን ማየት

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያመለጠውን ከተቋቋመው የሚለየው ግን ይሄ ነው። ቅጠላቸው ንጹሕ የሆነ ዝርያዎችን ሥር በቀስታ በውሃ እጠቡ። ቀጫጭኖቹን ሥሮች ቆርጣችሁ አቅልሙና በማይክሮስኮፕ እዩ። የፖሊሚክሳ የማረፊያ ስፖሮች በሥሩ ሴሎች ውስጥ ተጠጋግተው፣ እንደ ተጨመቀ የወይን ዘለላ ሆነው ይታያሉ። እነሱ ካሉ ጥገኛው ደርሷል ማለት ነው። ቫይረሱን ይዞ መድረሱን ለማወቅ ደግሞ የዚያኑ ሥር ቁራጭ በአርቲ ፒሲአር ወይም በኤሊዛ መርምሩ።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ማንበብ

ቅጠሉ ንጹሕ፣ ሥሩ ቫይረስ ያለበት ከሆነ፦ ተቋቋሚ። ስትፈልጉት የነበረው ይሄ ነው።

ቅጠሉም ሥሩም ንጹሕ ከሆነ፦ አትፍረዱ። ምናልባት አምልጧል፤ ምናልባት ሥሩ ራሱ አላስገባም ብሏል። በፖት ድገሙት።

ቅጠሉ ቫይረስ ይዞ ምልክት ካላሳየ፦ ታጋሽ ነው እንጂ ተቋቋሚ አይደለም። ምርቱ ላይጎዳ ይችላል። መዝገብ ላይ ግን ሁለቱን ቃላት አትቀላቅሉ።

ቅጠሉ ቫይረስ ይዞ ምልክትም ካሳየ፦ ተጠቂ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተጠቂውን ማነጻጸሪያ እዩ። እኔ ከ10 የማነጻጸሪያ መደቦች ቢያንስ 8ቱ ታመው ካልተገኙ የዚያን ዓመት ውጤት ለፍርድ አልጠቀምበትም። ልፋቱ ያሳዝናል፣ ግን የተሳሳተ ዝርያ ለገበሬ ከመስጠት ይሻላል። በመስክ ቢያንስ 2 ዓመት ወይም 2 የተለያየ ቦታ ሳይደገም «ተቋቋሚ» አትበሉ።

የዘረመል ማርከር (ተቋቋሚነት የሚሰጠው ዘረመል መኖሩን የሚጠቁም የዲኤንኤ ምልክት) ካላችሁ ሥራውን ያቀልላችኋል። ለአፈር ወለድ ሞዛይክ ቡድን ኤስቢኤም1 የተባለው ዘረመል በ5ዲ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ፣ ኤስቢኤም2 ደግሞ በ2ቢ አጭር ክንድ ላይ ይገኛሉ። ማርከር ብዙ መስመሮችን በፍጥነት ለማበጠር ጥሩ ነው። ማርከሩ ከዘረመሉ አጠገብ ያለ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን በመዳቀል ጊዜ ሊለያዩ ይችላሉ። የተመረጡትን መጨረሻ ላይ የተበከለ አፈር ላይ ዝሯቸው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ዘግይቶ መመዘን።* «ሄጄ ሳየው ሁሉም አረንጓዴ ነው» የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሄደው ሙቀት ከገባ በኋላ ነው።

*ሌላ በሽታን መቁጠር።* ክሽክሽ የሚያስተላልፈው የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስና ማይት የሚያስተላልፈው የስንዴ ስትሪክ ሞዛይክም ስንዴን ቢጫ ያደርጋሉ። በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው፤ ኤሊዛው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

*የፕሌቱን ዳር ማመን።* የዳር ጉድጓዶች ቶሎ ስለሚሞቁና ስለሚደርቁ ንባባቸው ይዛባል። የአንድ ናሙና ሁለት ጉድጓዶች በጣም ከተለያዩ አማካይ አትውሰዱ፣ ድገሙት።

*አሮጌ የታመመ ቅጠል ለማነጻጸሪያ መጠቀም።* ደጋግሞ የቀለጠና የበረደ ናሙና ጉልበቱን ያጣል። በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ ለአንድ ፕሌት አንድ ከረጢት።

*አፈሩን መጨረስ።* የተጠቂው ዝርያ በደንብ የታመመበትን የፖት አፈር ሁሉንም አትቀቅሉ። የተወሰነውን ከነሥሩ በጥላ አድርቃችሁ፣ በድርብ ከረጢት አሽጋችሁ፣ ቀንና የቫይረሱን ስም ጽፋችሁ ቆልፉበት። ለሚቀጥለው ዙር የምትዘሩት በዚያ አፈር ላይ ነው።